ከሸራው በፊት ቀዳዳው፦ ሲያትል ውስጥ ጀልባ ላይ ለመኖር ለሚያስቡ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የሲያትልን የቤት ኪራይ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዘጠኝ አሥር ሜትር የሚረዝም ያገለገለ ባለ ሸራ ጀልባ ደግሞ ባገለገለ መኪና ዋጋ ይገኛል። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መጸዳጃም አለው። ታዲያ ለምን አንኖርበትም? ይቻላል። ችግሩ፣ ገዢው ሁሉ ዓይኑ ሸራውና ምሰሶው ላይ ያርፋል። ዛሬ ወለሉን አንሥተን ሥሩን እንይ።

ስለ ፈቃድ አንድ ነገር ብቻ። ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ውስጥ ጀልባ ማሰርና ጀልባ ላይ መኖር ለየብቻ የሚፈቀዱ ነገሮች ናቸው። ሺልሾል ቤይን የመሰለ ትልቅ ማሪናም ሆነ ሌክ ዩኒየን የተባለው ሐይቅ ላይ ያሉት ትናንሾቹ፣ ነዋሪ የሚቀበሉት በቁጥር ነው። መጀመሪያ ቦታ ያዙ፣ ቀጥሎ ጀልባ ግዙ።

ጀልባ ሰመጠ ሲባል ማዕበል ይታየናል። የኢንሹራንስ ሰዎች ግን ሌላ ያውቃሉ፤ ከሚሰምጡት የመዝናኛ ጀልባዎች አብዛኞቹ የሚሰምጡት ዳር ታስረው ሳለ ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ ጀልባ ከውሃው መስመር በታች ሆን ተብለው የተበሱ ቀዳዳዎች አሉት። ሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስብበት፣ መጸዳጃው ውሃ የሚያስገባበትና የሚያስወጣበት፣ የዕቃ ማጠቢያው የሚፈስበት፣ የውጭው መቀመጫ ዝናብ የሚያወርድበት፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ የሚወጣበት፤ ሲቆጠሩ ከስድስት እስከ አሥር ይደርሳሉ። ከዘንጉ በቀር እያንዳንዱ ላይ ቫልቭ፣ ከቫልቩ ላይ የጎማ ቱቦ፣ ቱቦው ላይ ማጥበቂያ ክላምፕ አለ። ቤታችሁን ከውሃው የሚለየው ይኸው ነው።

ቫልቩ ከብሮንዝ ከተሠራ ደግ ነው። ብራስ ከሆነ ጨው ውሃ በውስጡ ያለውን ዚንክ እየበላ መዳቡን ብቻ ያስቀረዋል፤ ቅርጹ እንዳለ ሆኖ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። በቢላ ጫፍ ፋቅ አድርጉት። ቢጫ ካበራ ደህና ነው፣ ሮዝ ከታየ ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ቫልቩ ይቀየር። እጀታውን በወር አንድ ጊዜ ዝጉት፣ ክፈቱት። ዓመት ሙሉ ክፍት የቆየ ቫልቭ ድርቅ ይላል፤ በጭንቅ ሰዓት በመዶሻ ሲመቱት ከሥሩ ይነቀላል። ክላምፑ ላይ ደግሞ የሚያታልል ነገር አለ። ቀበቶው ጥሩ የማይዝግ ብረት ሆኖ ብሎኑ ርካሽ ብረት ሊሆን ይችላል። ዝገቱ የሚጀምረው ዓይን በማያየው በታችኛው በኩል ስለሆነ ትንሽ መስታወት አስገብታችሁ እዩ። የቫልቩ አንገት ርዝመት ከፈቀደ በየጫፉ ሁለት ክላምፕ ይሁን። በየቫልቩም አጠገብ በልኩ የተጠረበ የእንጨት ውታፍ በገመድ ይታሰር።

ውታፉ ለምን እንደሚያስፈልግ ቁጥሩ ይናገራል። አራት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ከውሃው ወለል 60 ሳንቲ ሜትር በታች ቢከፈት በደቂቃ 150 ሊትር ገደማ ያስገባል። 1000 ተብሎ የሚሸጠው፣ ጀልባ ውስጥ የገባን ውሃ የሚያስወጣው ፓምፕ በሰዓት 1000 ጋሎን፣ ማለትም በደቂቃ 63 ሊትር ያወጣል ይባላል። ያም ቱቦው ሽቅብ ካልሄደና ባትሪው ሙሉ ከሆነ ነው፤ በተግባር በጣም ያነሰ ነው። ፓምፕ ፋታ ይሰጣል እንጂ ቀዳዳ አይደፍንም።

ዳር ላይ የሚደርሰው መስመጥ ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ትልቅ ቀዳዳ እንኳን አይፈልግም። ከማሪናው በኬብል የሚመጣው የዳር መብራት በሆነ ምክንያት ይቋረጣል፤ ቻርጀሩ ይቆማል። በዘንጉ በኩል የምትንጠባጠበው ውሃ ፓምፑን በየሰዓቱ ታስነሣዋለች፤ ፓምፑ ባትሪውን ቀስ በቀስ ይጨርሳል። ባለቤቱ ለሁለት ሳምንት ሄዷል። ስለዚህ የዘንጉን ማሸጊያ አስተካክሉት። የድሮው ዓይነት ሞተሩ ሲሽከረከር በደቂቃ ሁለት ሦስት ጠብታ ቢያወርድ ልክ ነው፣ ሲቆም ግን ጨርሶ ባይንጠባጠብ ይመረጣል። ፓምፑ በዋናው ማብሪያ በኩል መሆን የለበትም፤ በራሱ ፊውዝ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ይገናኝ። ተንሳፋፊ ማብሪያውንም በየሳምንቱ በእጅ አንሥታችሁ ፓምፑ መነሣቱን ስሙ። ፀጉርና የሽቦ ቁራጭ ሥሩ ገብቶ እንደሚይዘው እናውቃለን።

ወደ መብራቱ እንለፍ። የተለመደው የዳር መስመር 30 አምፒር፣ 120 ቮልት ነው፤ 3600 ዋት ማለት ነው። ለብዙ ሰዓት ሲሠራ ግን ከ80 በመቶው፣ ከ24 አምፒር፣ ባይበልጥ ይመረጣል። አንድ የ1500 ዋት ማሞቂያ 12.5 አምፒር ይስባል። ሁለት ማሞቂያ ብቻውን 25 ሆነ፤ ገና ምጣዱ አልተሰካም። እንጀራ በምትጋግሩበት ቀን ማሞቂያዎቹ ይጥፉ። 1500 ዋት የሆነው የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ችግር የለውም፤ ከአገር ቤት የመጣው ባለ 220 ቮልቱ ግን አይታሰብ።

እሳት የሚነሣው በአብዛኛው ኬብሉ ከጀልባው ጋር በሚገናኝበት ሶኬት ላይ ነው። ጨዋማው አየር የመዳቡን ምላሶች ያበላሻል፤ ግንኙነቱ ሲላላ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ይላላል። ማሞቂያው አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ሶኬቱን ከውጭ በእጃችሁ ዳስሱት። ከሞቀ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ንቀሉት። ጠቁሮ ወይም ቡናማ ሆኖ ካገኛችሁት ወንዱንም ሴቱንም አብራችሁ ቀይሩ። አንዱን ብቻ የለወጠ፣ የተቃጠለው ጎን አዲሱን ያበላሽበታል።

በዚሁ ኬብል ሌላም ነገር ይመጣል። የመሬት ሽቦው ጀልባችሁን ከጎረቤቶቻችሁ ጀልባዎች ጋር ስለሚያገናኝ የእነሱ ብረት የእናንተን አኖድ፣ ሌላው ብረት እንዳይበላ ሲባል ራሱ እንዲበላ የሚታሰረውን ብረት፣ ሊበላው ይችላል። ጋልቫኒክ አይሶሌተር የሚባለው ትንሽ ሳጥን ይህን ይከለክላል። ግዙት፤ አያስቆጭም። የአኖዱ ዓይነት እንደ ውሃው ነው። ሺልሾል ጨው ውሃ ስለሆነ ዚንክ ይሠራል። ሌክ ዩኒየን ግን ከሞላ ጎደል ጨው የሌለው፣ ጣፋጭ ውሃ ነው፤ እዚያ ዚንክ ቅርፊት ያበጅና ሥራውን ያቆማል። ከውጭ ሲያዩት ሳይበላ ስለሚቆይ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ በዚያ ጊዜ እየተበላ ያለው ፕሮፔለሩ ነው። ለጣፋጭ ውሃ ማግኒዝየም ይመከራል። ባላርድ ሎክ በሚባለው የውሃ በር በኩል ከሐይቁ ወደ ባሕር የሚመላለስ ሰው አሉሚኒየም ቢያስር ሁለቱንም ያስማማል። ግማሹ ሲበላ ይቀየር።

ልጆች ያላችሁ በተለይ ይህን ስሙ። ከጀልባ የሚያፈተልክ የ120 ቮልት ፍሰት በጣፋጭ ውሃ ውስጥ ሰው ይገድላል። የሰው ሰውነት ከጣፋጭ ውሃ ይልቅ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ፍሰቱ በሰውየው በኩል ያልፋል፤ ጡንቻው ይታሰርና ይሰምጣል። ሌክ ዩኒየን ማሪና ውስጥ ዋና የለም፤ በነሐሴ ሙቀትም ቢሆን አይዋኝም። ሰው ሲወድቅ ካያችሁ ዘላችሁ አትግቡ። መብራቱን አጥፉ፣ ተንሳፋፊ ወርውሩ።

ባትሪውን በአጭሩ። ተራ የእርሳስ አሲድ ባትሪ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ነው። ከግማሽ በታች እያወረደ የሚጠቀም ሰው ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

አሁን ወደ ጠባያችን የሚቀርበው ላይ ደርሰናል፤ ወደ እርጥበት። ክረምቱን የጀልባው ግድግዳ ቀዝቃዛ ነው፣ እኛ ደግሞ ወጥ እናፈላለን፣ ቡና እናፈላለን፣ እንጀራ እንጋግራለን። አንድ ኪሎ የጋዝ ምድጃ ፕሮፔን ሲቃጠል 1.6 ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት ወደ ቤቱ ይለቃል። ከድስቱ የሚወጣውና የተኛ ሰው የሚተነፍሰው ገና አልተቆጠረም። ያ ሁሉ ሄዶ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ፍራሹ ሥር ይሰበሰብና ሻጋታ ያበቅላል። ብርድ ፈርቶ ሁሉን ዘግቶ መቀመጥ ይበልጥ ያባብሰዋል። ማሞቂያው እየሠራ አንድ መስኮት በጣት ስፋት ክፍት ይሁን። ጢሱንና እንፋሎቱን በጭስ ማውጫ ወደ ውጭ የሚያስወጣ የናፍታ ማሞቂያ ቤቱን ያደርቃል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ እርጥበት መጣጭ ቱቦውን ወደ ዕቃ ማጠቢያው ብታወርዱት ባልዲ ከመድፋት ያድናል። ፍራሹን በርብራብ ላይ አንሡት፣ አየር ይግባበት። ጤፉና በርበሬው ክዳኑ ጎማ ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ በፌስታል የተቋጠረ በርበሬ ክረምቱን አይወጣም።

ከሰል ግን በጭራሽ። ለቡናም ለዕጣንም ቢሆን ጀልባ ውስጥ ከሰል አይነድም። ክፍሉ ከመጥበቡ የተነሣ ካርቦን ሞኖክሳይድ በጥቂት ጊዜ ይሞላዋል፤ ሽታ የለውም። ቡናውን በኤሌክትሪክ ቁሉት፣ ረከቦቱን እንደ ወጉ ዘርጉ፣ ማንም አይቀየማችሁም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መኝታው አጠገብ ይሰቀል። ፕሮፔኑ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወደ ወለሉ ሥር ወርዶ እዚያው ይተኛል፤ ቢልጅ ከሚባለው ጉድጓድ መውጫ የለውም። ሲሊንደሩ ወደ ውጭ በሚተነፍስ የታሸገ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ መጋጠሚያዎቹ በየጊዜው በሳሙና አረፋ ይፈተሹ።

ዝናቡ ከላይ የሚገባበትን መንገድ ማግኘት ከሁሉ ይከብዳል፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ውሃ የሚንጠባጠበው አንድ ቦታ፣ የሚገባው ግን ሁለት ሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል። መርከቡ ወለል ላይ የተመታው ብሎን ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። የብዙዎቹ ጀልባዎች የላይኛው ወለል በሁለት ስስ ፋይበርግላስ መካከል ባልሳ እንጨት የታሸገበት ነው፤ በብሎኑ ቀዳዳ የገባው ውሃ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ስትረግጡት ከረገበ ወይም በካቻቢቴ እጀታ ሲመቱት ድምፁ የታፈነ ከሆነ ጀምሯል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዕቃውን ፍቱት፣ የድሮውን ማሸጊያ ፍቃችሁ አጽዱ። ቀዳዳውን ከብሎኑ አስፉት፣ የረጠበውን እንጨት በዙሪያው በተጣመመ ሚስማር ጎርጉራችሁ አውጡ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከታች አሽጋችሁ በወፈረ ኢፖክሲ ሙጫ ሙሉት። ሲደርቅ መሐሉን በብሎኑ ልክ ብሱት፣ አፉን ትንሽ ጎድጎድ አድርጉት። ከዚያ ቡቲል ቴፕ የሚባለውን ለስላሳ ማሸጊያ በብሎኑ አንገት ዙሪያ ጠምጥማችሁ አጥብቁ። ስታጠብቁ ብሎኑን ከላይ አንድ ሰው ይያዘው፣ የሚዞረው ከታች ያለው ዳዶ ብቻ ነው፤ ብሎኑ ከዞረ ማሸጊያው ይቀደዳል። ቡቲል ቀስ ብሎ ስለሚወጣ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ትንሽ ትንሽ ጨምሩበት። ሲሊኮን የሚሰጣችሁን ሰው አመስግናችሁ ተመለሱ፤ ሲሊኮን የነካው ቦታ ሌላ ማሸጊያ አይቀበልም።

መጸዳጃውን ሳናነሣ ማለፍ ደስ ባለን፣ ግን አይቻልም። ከ2018 ጀምሮ ሲያትል ባለችበት የባሕር ወሽመጥ፣ ፒዩጀት ሳውንድ ውስጥ፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ የታከመም ቢሆን፣ ከጀልባ መልቀቅ የተከለከለ ነው። ሁሉም ወደ ማጠራቀሚያ ጋን ይሄዳል፣ ጋኑን የማሪናው ፓምፕ ያወጣዋል። የውስጥ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በየሜትሩ 1.1 ሊትር ያህል ይይዛል። ጋኑ ሦስት ሜትር ርቆ ከሆነ ቱቦውን ለማጽዳት ከሦስት ሊትር በላይ ማስገባት አለባችሁ። ጥቂት ገፍቶ የሚተው ሰው ቆሻሻውን ቱቦው ውስጥ አሳደረው ማለት ነው። ሽንትና ጨው ውሃ ሲገናኙ ግድግዳው ላይ ኖራ መሰል ድንጋይ ይሠራሉ፤ ቱቦው ከውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። በሳምንት አንድ ጊዜ ማታ ሁለት ብርጭቆ ኮምጣጤ አሳልፉበት። ሽታው ከጋኑ ይሁን ከቱቦው ለማወቅ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ቱቦው ላይ ጠቅልሉ፤ ሲበርድ ጨርቁን አሽትቱት። ጨርቁ ከሸተተ ላስቲኩ ሽታ ማሳለፍ ጀምሯልና ይቀየር። ወደ ኋላ የሚመለሰውን የሚከላከለው የጎማ ምላስም በዓመት አንዴ ይለወጥ።

የመጠጥ ውሃ ጋኑን በዓመት ሁለቴ ሽታ በሌለው ተራ በረኪና አጽዱት። ባለ 5 በመቶው ከሆነ ለአንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር፤ ለ200 ሊትር ጋን አንድ ብርጭቆ ያህል ነው። ከየቧንቧው እስኪሸት አፍስሱ፣ ሌሊቱን ይደር፣ ሽታው እስኪጠፋ እጠቡት። የውሃ ፓምፑ ማንም ሳይከፍት በሌሊት ከተነሣ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

የናፍታ ሞተሩን ጋራዥ የሠራችሁ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ዘይቱ፣ ፊልትሮው፣ ቺንጋው ያው ነው። የሚለየው የማቀዝቀዣ ውሃ የሚስበው የጎማ ኢምፔለር ነው። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ከኋላ በጭስ ማውጫው ውሃ መትፋቱን እዩ፤ ካልተፋ ወዲያው አጥፉ። ኢምፔለሩ በዓመት ይቀየር። ክንፍ ጎድሎ ከተገኘ የጎደለው ቁራጭ እስኪገኝ ፈልጉ፣ ማቀዝቀዣው አፍ ላይ ተወትፎ ይጠብቃችኋል። ሞተሩን ያለ ማርሽ አሥር ደቂቃ እያስነሡ ማጥፋት አይጠቅመውም። ማርሽ አስገብታችሁ እስኪሞቅ ይሥራ።

ምሰሶውን የያዙት የሽቦ ገመዶች ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራሉ። በየዓመቱ ጫፎቻቸውን በጥጥ ጥረጉ፤ የተበጠሰ ክር ካለ ጥጡን ይይዘዋል፣ በባዶ እጅ ከሆነ ጣታችሁን ይበላዋል።

በመጨረሻ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ስትሄዱ። ከውጭው መቀመጫ የዝናብ ማውረጃ በቀር ቫልቮቹን ሁሉ ዝጉ። የሞተሩን ቁልፍ ማቀዝቀዣው ቫልቭ እጀታ ላይ አንጠልጥሉት፤ ስትመለሱ ቁልፉን ስታነሡ ቫልቩን መክፈት ትዝ ይላችኋል። ጋዙን ከሲሊንደሩ ዝጉ። የማሰሪያ ገመዶቹ ብረት በሚነኩበት ቦታ የቱቦ ቁራጭ አልብሷቸው። ጎረቤት በሳምንት ሁለቴ ከውሃው መስመር አንጻር ጀልባው ዝቅ አለማለቱንና የቻርጀሩ መብራት መብራቱን ይይላችሁ፤ ስልክ ቁጥራችሁም ማሪናው ቢሮ ይቀመጥ።

ጠረጴዛው ላይ ሮዝ የሆነ ቫልቭ፣ የተቃጠለ ሶኬት፣ ክንፉ የጎደለ ኢምፔለርና በድንጋይ የጠበበ የመጸዳጃ ቱቦ አለ። ቱቦው ታጥቧል። ኑና በእጃችሁ እያገላበጣችሁ ጠይቁን።