ካልተመለሰስ?

እሺ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዶሮው ዛሬም ከእኛ ጋር ነው፣ ሰምታችሁታል መሰለኝ። ያቋረጥኩትን የቤት ኪራይ ወሬ ጨርሺ ብላችሁ ብዙዎቻችሁ ጽፋችሁልኛል። እጨርሰዋለሁ። ዛሬ ግን ጋሽዬ የጠየቁኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ጋሽዬን ታውቋቸዋላችሁ። ቅዳሜ ለገጣፎ እኛ ቤት መጥተው ነበር። ቡና እየተፈላ የሆነ ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቧንቧ መስመር ላይ ስለሆነ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። የኒውዮርክ ውሃ የሚያልፍበት ደላዌር የሚባል ዋሻ አለ። ርዝመቱ 137 ኪሎ ሜትር ነው። በፈረንጆቹ 1944 ነው ውሃ ማስተላለፍ የጀመረው። ከጊዜ በኋላ ግን ተሰነጠቀና ያፈስ ጀመር፣ በቀን እስከ 132 ሚሊዮን ሊትር! ዋዋርሲንግ የምትባል ቦታ ያሉ ሰዎች ምድር ቤታቸው ውሃ እየሞላ ተቸገሩ።

ታዲያ ለምን ዘግተው አያዩትም? አይዘጋማ። ከተማዋ ከምትጠቀመው ውሃ ግማሽ ያህሉ በእሱ ነው የሚመጣው። ደግሞ ውስጡ ያለው ውሃ ራሱ ግድግዳውን ደግፎ ይዞታል። ባዶ ሲያደርጉት የውጪው ግፊት ብቻውን ይቀራል። ያ ሁሉ ዓመት ያገለገለ ኮንክሪት ይቻለው አይቻለው ማን ይደፍራል?

ስለዚህ በፈረንጆቹ 2003 ሮቦት ላኩበት። ቶርፒዶ የሚመስል፣ ካሜራና መብራት ያለው። ገመድ የለውም፣ ማንም ከላይ ሆኖ አይነዳውም። 72 ኪሎ ሜትር ብቻውን ሄደ። ያን ያህል ገመድ መጎተት አይቻልም፣ የሬዲዮ ሞገድም ውሃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ከፊቱ እንደ ጢም የወጡ ዘንጎች አሉት፣ ግድግዳ ሲነካ መልሰው እንዲገፉት። አንዴ ከገባ በኋላ ያለው አማራጭ በሌላው ጫፍ ቆሞ መጠበቅ ነው። 160 ሺህ ፎቶ ይዞ ወጣ።

እኔ ይህን ሁሉ እየነገርኳቸው ጋሽዬ ዝም ብለው ስልኩን ያያሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ፣ «ካልተመለሰስ?» አሉኝ።

እኔ ስለ ሮቦቱ መስሎኝ ስለ ጢሞቹ እንደገና ማስረዳት ጀመርኩ። እሳቸው ግን ሲኒውን አስቀምጠው ሌላ ወሬ ጀመሩ። በወጣትነታቸው ነው። መስመር ተዘግቶ፣ ውሃው ተለቆ፣ እሳቸው ባትሪ ይዘው ቱቦ ውስጥ ገቡ። በክርናቸው እየተሳቡ። ደለሉ እስከ አንጓቸው ይውጣቸዋል። «ብረቱ አፍህ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ጣዕሙ» አሉ፣ ወንድሜን እያዩ። ከውጪ ደግሞ ጓደኛቸው ቱቦውን እየተከተለ በመፍቻ ይመታል። ኳ። እሳቸው ከውስጥ መልሰው ይመታሉ። ኳ። አለሁ ማለት ነው። እንዲህ እየተባባሉ ሄዱ ሄዱና... «አንድ ቦታ ላይ መምታቱን አቆመ» አሉ።

እዚህ ላይ ከጓሮ «ውሃ መጣ!» ተባለ።

የኛን ሰፈር ታውቁታላችሁ። ፈረቃችን ሲደርስ ማን ቁጭ ይላል? ወንድሜ ሮቶውን ሊያስሞላ ሮጠ፣ እኔ ጄሪካኖቹን፣ እማዬ ልብሱን። ጋሽዬ ራሳቸው ተነስተው ባልዲ ያዙ! ሁሉም ነገር ሞልቶ ስንጨርስ መሽቶ ነበር፣ ታክሲ ሳይጠፋ ብለው ሄዱ።

መምታቱን አቆመ። ከዚያስ? ደክሞት ነው? ሰው ጠርቶት ነው? ወይስ ውሃውን የሚዘጋው ቫልቭ ጋ የሆነ ነገር... ሌሊት ሁሉ ይህንኑ ሳሰላስል አደርኩ። «ካልተመለሰስ» ያሉት ስለ ሮቦቱ እንዳልሆነ የገባኝ ተኝቼ ነው። ወይም ስለ ሁለቱም ይሆናል። ባለሙያ ናቸውና ቱቦ ውስጥ የተረሳ ነገር ቫልቭ ላይ ሄዶ ሲቀረቀር አይተው ያውቃሉ። እኔ ዝም ብዬ ትርጉም እየፈለግኩ ሊሆን ይችላል።

ይኸውላችሁ፣ ለገዳዲ ግድብ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። በፈረንጆቹ 1970 ነው የተሠራው፣ ገፈርሳ ደግሞ ከእሱም ይቀድማል። በክረምት ሄዳችሁ ካያችሁት ውሃው ቡኒ ነው፣ ጭቃ በሉት። እዚያ ውስጥ ካሜራ ምንም አያይም። በድምፅ የሚለካ መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው፣ ሶናር የሚሉት። ድምፁ ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ ርቀቱን ይነግራል። ይህን ሳነብ ያ መፍቻ ትዝ አለኝና ማንበቡን ተውኩት።

ሮቦት ይግባ ነው የምለው፣ መቶ ጊዜ ይግባ። ሰው በጨለማ ደለል ውስጥ በክርኑ አይሳብ። በዚህ አልደራደርም። ግን ደግሞ ፎቶው ብቻውን ምን ያደርጋል? ኒውዮርኮች በ2003 ፎቶ አነሱ፣ ጉዳት የደረሰበትን ክፍል የሚዞር ሌላ ዋሻ ቆፈሩ፣ ለማገናኘት ዋናውን የዘጉት በ2024 ነው። ያኔም ድርቅ መጣና ሥራው ቆመ። ገንዘቡም እውቀቱም ያላቸው ሰዎች ናቸው እኮ! እኛ ነገ ስንጥቁን ብናየው... አይ፣ እንደዚህ ማሰብም ልክ አይመስለኝም። አይቶ መዘግየትና ሳያዩ መኖር አንድ አይደለም። አንድ ነው እንዴ? አይደለም።

ልደውልላቸው እልና ስልኩን አስቀምጠዋለሁ። በስልክ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። የጓደኛቸውን ስም እንኳን አልነገሩንም። እማዬ ታውቀው ይሆናል፣ በዚያ ጊዜ እነሱ ቤት ነበር የምትኖረው። ግን ያን ቀን «ውሃ መጣ» ብላ የጮኸችው እሷ ናት፣ ወሬውን ደግሞ ከጓሮ ሆና ትሰማ ነበር፣ እና አሁን ሳስበው...