ገንዘብ ከፍሎ በእግር መሄድ

(በአውሮራ፣ ኮሎራዶ በተካሄደ የኢትዮጵያውያን የማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከቡናው በፊት አስር ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ስለ ጥቅምቱ ጉዞ ትንሽ በል ተብዬ ነው። ማስታወቂያው በር ላይ የተለጠፈ ዕለት አንድ አባታችን አንብበው ሲጨርሱ ያሉትን ሰምቻለሁ። "ስድስት ሰዓት ነድታችሁ፣ መግቢያ ከፍላችሁ፣ ከዚያ በእግር ልትሄዱ? እኔ አሜሪካ የመጣሁት በእግር መሄድ ሰልችቶኝ ነው!"

እውነታቸውን ነው። እኔም ልጅ እያለሁ ትምህርት ቤት ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል እሄድ ነበር፤ ለመመለስም እንደዚያው። ያኔ ሃይኪንግ አይባልም። አሁን ሾፌር ነኝ። በቀን አስራ ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ ነኝ፤ ስወርድ ሶፋ ላይ ነኝ። ሐኪሜ የስኳሬን ውጤት አይቶ ፊቱ ሲጠቁር ነው እግር እንዳለኝ ትዝ ያለኝ።

የምንሄደው ዩታ ነው፣ ሞአብ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ። አዎ፣ የሩት አገር ስም ነው። ፓርኩ አርችስ ይባላል፣ ቅስቶች ማለት ነው። እንደ በር ቅስት መሃላቸው የተበሳ ከ2,000 በላይ አለቶች አሉበት። የሰው እጅ አልነካቸውም።

ታዲያ ማን በሳቸው? ብዙ ሰው ነፋስ ይመስለዋል። ዋናዎቹ ሠራተኞች ግን ጨውና ውሃ ናቸው። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ባሕር ነበር። እየገባ፣ እየደረቀ፣ ጨው እየተወ ሄደ። አፋር ላይ ጨው የሚቆረጥበትን ሜዳ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ አሞሌውንም የተወልን እዚያ ገብቶ የደረቀው የቀይ ባሕር ውሃ ነው። የዩታው ጨው ግን ተቀበረ። አሸዋና ጭቃ ተከመረበት፣ ያም ዘመን ሲቆይ ድንጋይ ሆነ። ጨው ደግሞ ከባድ ነገር ሲጫነው እንደ ሊጥ ወደ ጎን ይሸሻል። ከታች አንድ ቦታ ሲያብጥ፣ ሌላ ቦታ ሲሟሟ፣ ከላይ ያለው ቀይ አሸዋ ድንጋይ ተሰነጣጠቀ። ስንጥቁን ውሃ እያሰፋው በረድፍ የቆሙ ቀጫጭን ግድግዳዎች ቀሩ። ዝናቡ የአሸዋውን ቅንጣት ያጣበቀውን ነገር ያሟሟል። በብርድ ወራት ደግሞ ውስጥ የገባው ውሃ በረዶ ሆኖ ድንጋዩን ይገፋዋል። እንዲህ እንዲህ ሲል ግድግዳው ይበሳል።

ቅዳሜ የምንወጣው ወደ ዴሊኬት አርች ነው። ሾፌሮች ታውቁታላችሁ፤ የዩታ መኪኖች ታርጋ ላይ ያለው እሱ ነው። ደርሶ መልስ 4.8 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ 146 ሜትር። ወረቀት ላይ ሲያዩት ቀልድ ይመስላል። እኔም ቀልድ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት በጁላይ ነው። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ አንድ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዘን። እኔ ጭራሽ ነጠላ ጫማ አድርጌያለሁ። "የገጠር ልጆች ነን፣ ምን እንሆናለን" ተባባልን። መሃል ላይ ስንደርስ አፈሩ አለቀና ገላጣ አለት ሆነ፣ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ተዳፍቶ ወደ ላይ የሚሄድ። መንገዱን የሚያሳየው እዚህም እዚያም የተደራረበ የድንጋይ ክምር ብቻ ነው። ጥላ የለም። ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ይደረግበት የለ? እንደዚያ ሆንን። ውሃችን ዳገቱ ሳይጋመስ አለቀ። ጓደኛዬ ዝም ብሎ ቁጭ አለ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። የእናቴ እኩያ የሆኑ አንዲት ፈረንጅ ከላይ ሲወርዱ አዩን። ምንም አልጠየቁንም። ከቦርሳቸው ውሃ አውጥተው ሰጡን፣ እስክንጨርሰውም አጠገባችን ቆሙ። አርቹን ሳናየው ተመለስን።

ስለዚህ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ። በዚህ አልደራደርም።

ሁለተኛው ጊዜ በኦክቶበር ነበር፣ ጎህ ሲቀድ። መጨረሻው ላይ በግምት 180 ሜትር የሚሆን መንገድ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላ በኩል ገደል ነው። ልጆች በእጅ ይያዙ። እስከዚያ ድረስ አርቹ ጫፉም አይታይም። ግድግዳው ሲያልቅ ድንገት ፊት ለፊት ተገትሮ ታገኙታላችሁ። ቀዳዳው ብቻ 14 ሜትር ከፍታ አለው። ጓደኛዬ ኮፍያውን አወለቀ። ቆይቶ ቆይቶ፣ "ታርጋው ላይ ትንሽ ነበር" አለ።

መነሻው ላይ ያለችውን የግንድ ቤት እለፏት እንዳትሉ። ጆን ዌስሊ ዎልፍ የተባለ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እግሩ የተጎዳ ሰው በ1898 ከኦሃዮ ከልጁ ጋር መጥቶ እዚህ ሰፈረ። በ1906 ሴት ልጁ ከነቤተሰቧ መጣች። አኗኗሩን ስታይ ደነገጠች፣ የእንጨት ወለል ያለው ቤት ይሠራልን አለች። ሠራላት። ይሄ ታሪክ መቼም ለኛ አስተርጓሚ አያሻውም። ቀድሞ የመጣ አባት ፍራሽ መሬት ላይ ጥሎ ይከርማል፤ አልጋ የሚገዛው ቤተሰብ ሲመጣ ነው። ዎልፍ በ1910 ርስቱን ሸጦ ኦሃዮ ተመለሰ። እሱስ አገሩ ገባ።

ከመንገዱ አትውጡ። አፈሩ ላይ ጥቁር፣ ጎርበጥባጣ ቅርፊት ታያላችሁ። ቆሻሻ አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ለዓይን የማይታዩ ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉ ፍጥረታት አሸዋውን ሰፍተው ይዘውት ነው። አንድ ጫማ የሰበረውን ለመጠገን ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። አጠገቡ ያሉት ድንክ ዛፎች ደግሞ የኛ ጥድ ዘመዶች ናቸው። ቅጠሉን አሽታችሁ አሽትቱት፣ የት እንዳላችሁ ለአፍታ ትረሳላችሁ።

ጉልበት የተረፈው እሁድ ጠዋት ወደ ዴቭልስ ጋርደን ይመጣል። እናቶች፣ እባካችሁ ስሙን አትተርጉሙት፤ ሰይጣን አለበት። እዚያ ላንድስኬፕ አርች አለ፤ ከጫፍ ጫፍ 93 ሜትር ገደማ የሆነ፣ እንደ ክር የቀጠነ። በ1991 ከሥሩ 18 ሜትር ርዝመት ያለው ድንጋይ ተገንጥሎ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ከሥሩ መቆም ተከልክሏል። በዚያው መንገድ ላይ ዎል አርች የሚባል ሌላ ነበር። በኦገስት 2008 አንድ ሌሊት ሰው ሳያየው ተደርምሶ አደረ። አሁን የምታዩት ፍርስራሹን ነው።

ቫኑ አስራ አምስት ሰው ይይዛል። እስካሁን የተመዘገበው አስራ አንድ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ከዚህ እንነሳለን፣ ሞአብ እናድራለን፣ ቅዳሜ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ እንጀምራለን። በሶና ቆሎ ያላችሁ ያዙ፤ ክትፎ ይቅር። እኔ ቫኑ በር ላይ ቆሜ የያዛችሁትን ውሃ አያለሁ። ነጠላ ጫማ ያደረገ አላሳፍርም።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ። አመሰግናለሁ።