ሰልፉ ካለፈ በኋላ፦ ስለ ሎውንደስ ካውንቲ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ትምህርት ቤት ውላችሁ ደክሟችሁም ቢሆን የመጣችሁ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ቅዳሜ ከአትላንታ በአውቶቡስ ወደ አላባማ ስለምንሄድ፣ ስለምናየው ቦታ ጥቂት እንድናገር አዘጋጆቹ ጠይቀውኛል። የምናየው ሎውንደስ የሚባል የገጠር ካውንቲ፣ እንደ እኛ ወረዳ ያለ አስተዳደር፣ ነው። ሰልማን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ የአላባማ ዋና ከተማ ሞንትጎመሪንም እንደዚሁ። ሎውንደስ በሁለቱ መካከል ይገኛል። በ1965 ማርች ወር የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሰልፈኞች ለጥቁሮች የምርጫ መብት ከሰልማ እስከ ሞንትጎመሪ 54 ማይል በእግራቸው ሲጓዙ ያቋረጡት እሱን ነው። መንገዱ እዚያ ሲደርስ ጠባብ ስለነበር ፍርድ ቤቱ ከ300 ሰው በላይ እንዳይሄድበት ወስኖ ነበር። ካሜራው ሰልፉን ተከትሎ አለፈ። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ሰልፉ ካለፈ በኋላ እዚያው ስለቀሩት ሰዎች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ካውንቲው የተቋቋመው በ1830 ሲሆን ስሙን ያገኘው ከሳውዝ ካሮላይናው ፖለቲከኛ ከዊሊያም ሎውንደስ ነው። ዋና ከተማው ሄይንቪልም በሌላ የሳውዝ ካሮላይና ሰው፣ በሮበርት ሄይን ስም ተሰይሟል። አፈሩ ጥቁር ነው። ከመካከላችሁ በቾን ወይም አዳን የሚያውቅ ሰው ካለ ወዲያው ይገባዋል፤ መረሬ ነው። ሲዘንብ እግር ይዞ የማይለቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ። ለጥጥ ግን ተስማሚ ነበር። ለጥጡ ሲባል ባሪያ መጣ፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዋዜማ ከካውንቲው ሕዝብ ከሁለት ሦስተኛው በላይ በባርነት የተያዘ ነበር። አፈሩን አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ባርነት ቀረ፣ ጭሰኝነት ተተካ። ጭሰኝነት ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ላይ ተማሪዎቻችን «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡትም በዚያው በ1965፣ በፌብሩዋሪ ነው። የሎውንደስ ጭሰኛ ዘሩንም ቀለቡንም በዱቤ ይወስዳል፤ ጥጡ ሲሸጥ ሒሳቡን የሚያሰላው ባለመሬቱ ነው፤ ስሌቱ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ባለመሬቶቹና ዘመዶቻቸው ካውንቲውንም ያስተዳድሩ ነበር። በ1901 የወጣው የአላባማ ሕገ መንግሥት የተጻፈው ጥቁሮችን ከምርጫ ለማስወጣት ነው፤ ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ ሕገ መንግሥቱን የጻፈው ጉባኤ ሊቀመንበር ጆን ኖክስ በመክፈቻው ላይ ዓላማው የነጭ የበላይነትን በሕግ ማጽናት መሆኑን በግልጽ ተናግሯል።

ውጤቱን ስሙት። በ1965 መጀመሪያ ላይ፣ ከአምስት ሰው አራቱ ጥቁር በሆነበት በዚህ ካውንቲ አንድም ጥቁር መራጭ አልተመዘገበም ነበር። የተመዘገቡት ነጮች ደግሞ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሱት ነጮች ቁጥር ይበልጡ ነበር። ሎውንደስ ውስጥ ከሕያው ጥቁር ይልቅ የሞተ ነጭ የተሻለ ድምፅ ነበረው ማለት ነው።

ያን ዓመት በማርች ጆን ሂውሌት የሚባል ሰው ጎረቤቶቹን ይዞ ሄይንቪል ወደሚገኘው ፍርድ ቤት ሄደ። በርሚንግሃም ሠርቶ፣ እዚያ የመብት ትግሉን አይቶ ወደ ትውልድ ቀዬው የተመለሰ ሰው ነው። በዚያ ወር መመዝገብ ከቻሉት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥቁሮች አንዱ እሱ ነበር። ሰልፉ ሞንትጎመሪ በደረሰበት በማርች 25 ምሽት፣ ከዲትሮይት መጥታ ሰልፈኞችን በመኪናዋ ስታመላልስ የነበረች ቫዮላ ሊውዞ የምትባል የአምስት ልጆች እናት፣ ሎውንደስ ውስጥ በሀይዌይ 80 ላይ የነጭ የበላይነትን በሽብር በሚያራምደው በኩ ክላክስ ክላን ሰዎች ተገደለች። ኦገስት 20 ደግሞ ሄይንቪል ውስጥ፣ ሱቅ በር ላይ፣ ጆናታን ዳንኤልስ የሚባል የ26 ዓመት ነጭ የነገረ መለኮት ተማሪ ሩቢ ሴልስ የምትባለዋን የ17 ዓመት ጥቁር ልጅ ገፍትሮ በእሷ ላይ የተቃጣውን ጥይት ራሱ ተቀበለ። ተኳሹ ቶም ኮልማን የሸሪፉ፣ ማለትም የካውንቲው የፖሊስ አዛዥ፣ ረዳት ሆኖ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። በሊውዞ ጉዳይ በግድያ የተከሰሰውንም፣ ኮልማንንም የሄይንቪል ጁሪ፣ ማለትም ከነዋሪው ተመርጦ ፍርድ የሚሰጠው ቡድን፣ ነጻ ብሎ ለቀቃቸው። የሊውዞ ገዳዮች የተቀጡት በኋላ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው።

እስቲ አስቡት፤ ገዳዩ ከሸሪፉ ቢሮ፣ የጁሪው ስም ዝርዝር ከካውንቲው ቢሮ፣ የመራጮች መዝገብ ከዚያው ሕንጻ። ዋሽንግተን ኦገስት 6 ቀን የምርጫ መብት ሕጉን ፈርማለች፤ የፌዴራል መዝጋቢዎችም መጥተው ሕዝቡን መመዝገብ ጀምረዋል። ሕይወትና ሞት ግን የሚወሰነው ሄይንቪል ባለችው በዚያች ፍርድ ቤት ግቢ ነበር። የሎውንደስ ሰዎች ይህን ከማንም ቀድመው ተረዱት፤ የእኔም ነገር እሱው ነው።

በመጀመሪያ ጁሪውን ከሰሱት። ጋርዲኒያ ኋይት የምትባል ሴት ከሌሎች ጋር ሆና ባቀረበችው ክስ፣ በፌብሩዋሪ 1966 የፌዴራል ፍርድ ቤቱ የሎውንደስ ጁሪ ጥቁሮችን ማግለሉ ሕገ ወጥ ነው አለ። የአላባማ ሕግ ሴቶችንም፣ ነጭም ትሁን ጥቁር፣ ከጁሪ ያገል ነበር፤ እሱንም በዚያው ውሳኔ ሻረው። አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሴቶችን ከጁሪ ማግለል የእኩልነትን አንቀጽ ይጥሳል ብሎ ሲወስን ያ የመጀመሪያው ነው። ዛሬ የጁሪ ጥሪ በፖስታ ሲመጣባችሁ «ሥራ ያስፈታኛል» የምትሉ እኅቶቼ፣ ነገሩ ከየት እንደመጣ ታውቁት ዘንድ ነው።

ከዚያ ወደ ሥልጣን ወንበሮቹ ዞሩ። ከዚህ ከእኛው ከተማ፣ ከአትላንታ፣ ለጥቁሮች መብት የሚታገለው የተማሪዎች ድርጅት ስኒክ (SNCC) ወጣቶቹን ልኮ ነበር፤ በመሪነት የሚታወቀው ትሪኒዳድ የተወለደው ስቶክሊ ካርማይክል ነው። ነባሩ የካውንቲው ዴሞክራቲክ ፓርቲ ለዕጩነት የሚከፈለውን ከ50 ዶላር ወደ 500 አሳደገው፤ ለጭሰኛ የማይታሰብ ገንዘብ። የፓርቲው ምልክት አውራ ዶሮ ነበር፤ ዶሮው ላይ የተጻፈውም የነጭ የበላይነት መፈክር ነው። እነ ሂውሌት ታዲያ የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ፤ ማንበብ የማይችል ሰው በምልክት ስለሚመርጥ ጥቁር ግስላ መረጡ። በ1966 መጨረሻ ኦክላንድ ላይ የተመሠረተው ዓለም የሚያውቀው ብላክ ፓንተር («ጥቁር ግስላ») ፓርቲ ግስላውን የወሰደው ከእነዚህ ገበሬዎች ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ትምህርቱ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ እየተሰበሰቡ፣ በሥዕል የተሠሩ ትናንሽ መጻሕፍት ይዘው፣ ሸሪፍ ሥልጣኑ ምን ድረስ እንደሆነ፣ የንብረት ግብር ገማች ምን እንደሚሠራ፣ የትምህርት ቦርድ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ ተማሩ። የገማቹ ቢሮ ለምን? ሺህ ሄክታር ያለውን ሰው መሬት ዝቅ አድርጎ የሚገምተውም፣ የትምህርት ቤቱን ኪስ ባዶ የሚያስቀረውም እሱ ነውና። ለዚያ ቦታ የተወዳደረችው አሊስ ሙር ዓላማዋ ሀብታሙን አስከፍላ ድሃውን ማብላት መሆኑን በይፋ ተናገረች። ሜይ 3 ቀን 1966 ፓርቲው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ጉባኤ አድርጎ ሰባት ዕጩዎችን መረጠ፦ ለሸሪፍ፣ ለኮሮነር ማለትም አሟሟትን ለሚመረምረው ሹም፣ ለግብር ገማች፣ ለግብር ሰብሳቢና ለትምህርት ቦርድ ሦስት።

ዋጋውንም ከፈሉ። የተመዘገቡትን ጭሰኞች ባለመሬቶቹ ከነቤተሰባቸው አባረሯቸው። የተባረሩት በሀይዌይ 80 ዳር ድንኳን ተክለው ክረምቱን ከነልጆቻቸው አሳለፉ፤ ሌሊት እየተተኮሰባቸው። ቅዳሜ የምንገባበት ሙዚየም የተሠራው በዚያው ቦታ ላይ ነው።

ኖቬምበር 8 ሰባቱም ተሸነፉ። ባለመሬቶቹ የቀሩ ጭሰኞቻቸውን ጭነው ወስደው ለራሳቸው አስመርጠዋል። ሆኖም ሕጉ ፓርቲ ተብሎ ለመታወቅ የሚጠይቀው 20 በመቶ ነበርና እነሱ ከ40 በመቶ በላይ አገኙ። አራት ዓመት ቆዩ። በ1970 ጆን ሂውሌት ሸሪፍ ሆኖ ተመረጠ፤ ያ ቢሮ ሲያሳድደው የኖረ ሰው ወንበሩ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ተቀመጠ፣ በኋላም የፕሮቤት፣ ማለትም የኑዛዜና የውርስ ጉዳይ የሚያይ፣ ዳኛ ሆነ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ግን ሸሪፉ ሲቀየር ድብደባው ቀረ እንጂ ገንዘቡ አልመጣም። ያ የ1901 ሕገ መንግሥት ካውንቲዎችን እጅና እግራቸውን አስሮ ነው የተወው፤ ብዙ ጥቃቅን ጉዳይ ሳይቀር ሞንትጎመሪ ካለው ምክር ቤት ይለመናል። የአላባማ የንብረት ግብር ከአሜሪካ ዝቅተኞቹ ውስጥ ነው፤ ሰፊው የእርሻና የደን መሬት ደግሞ በቅናሽ ይገመታል። የሕዝቡም ቁጥር ከ15 ሺህ ወደ 10 ሺህ ወርዷል። ወንበሩን አሸነፉ፤ ካዝናው ሲከፈት ግን ባዶ ነበር።

አሁን ወደ መረሬው። ብዙ የሎውንደስ ቤቶች ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኙም። ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም የሽንት ቤት ፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ እንዳይቀበር አፈሩ ውሃ አያሰርግም፤ ለዚህ አፈር የሚሆነው ዓይነት ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ከሽንት ቤቱ አንድ ቱቦ ወጥቶ ጓሮ ውስጥ ይፈስሳል። የሚገርመው፣ ሕጉ ለብዙ ዘመን ይህን የሚቀጣው ባለቤቱን ነበር። በ2017 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው 55 ሰዎች በ19ኙ ላይ፣ በባዶ እግር ከአፈር የሚገባው የሁክዎርም ትል ምልክት አገኘ፤ የአላባማ ጤና ቢሮ በጥናቱ አልተስማማም። የካውንቲው ልጅ ካትሪን ኮልማን ፍላወርስ ጉዳዩን በየመድረኩ ይዛ ዞረች። በ2023 የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር ከአላባማ ጤና ቢሮ ጋር ስምምነት አደረገ፤ ቅጣቱ እንዲቆም፣ መፍትሔም እንዲፈለግ። በኤፕሪል 2025 የፕሬዚዳንት ትራምፕ አስተዳደር ስምምነቱን አፈረሰው።

እኛስ? አብዛኞቻችን ወይም ወላጆቻችን ወደዚህ አገር የገባንበትን በር የከፈተው የኢሚግሬሽን ሕግ የተፈረመው ኦክቶበር 3 ቀን 1965 ነው፤ ከምርጫ መብት ሕጉ ሁለት ወር በኋላ፣ በዚያው በፕሬዚዳንት ጆንሰን እጅ። ዳንኤልስ በተገደለበትና ጭሰኞቹ ሊባረሩ በተቃረቡበት ወቅት ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። አዲስ አበባ ውስጥ የትኛው ሚኒስትር ከየትኛው እንደተጣላ ከዚህ አዳራሽ የማያውቅ የለም። የካውንቲያችሁን ኮሚሽነር ስም የሚያውቅ እጁን ያንሳ። … አየሁ፤ ቆጠራ አያስፈልግም። የቤታችሁን ግብር የሚገምተው፣ የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት በጀት የሚያጸድቀው፣ ሌሊት መኪናችሁን የሚያስቆመው ሁሉም የካውንቲ ሰው ነው። መውጫው ላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ የእኛ ካውንቲ ተመራጮች ዝርዝርና የስብሰባቸው ቀን በአማርኛ ተዘጋጅቷል፤ ምዝገባ ያልፈጸመ ዜጋ ካለም ልጆቹ እዚያው ያግዙታል።

ስለ ጉዞው፦ አውቶቡሱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት (6 AM) ይነሣል፤ እንደ ሐበሻ ቀጠሮ አይዘገይም። አላባማ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ስንደርስ ጊዜ እናተርፋለን። ጾመኞች ስላላችሁ ምሳው የጾም ነው። ሄይንቪል ላይ ለአካባቢው ሰዎች የሚቀርብ ጥያቄ ያላችሁ አስቀድማችሁ ስጡን፤ እነሱም ስለ እኛ የሚጠይቁት ይኖራቸዋልና ተዘጋጅታችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።