መስኮቱ በቀኝ ይቆረጥ፦ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ በጎንደር በመኪና ላይ ምግብ የምንሸጥ ሰዎች ማኅበር አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከአዘዞም፣ ከማራኪም፣ ከፒያሳም ሥራችሁን ዘግታችሁ ነው የመጣችሁት። የአንድ ቀን ገበያ መተው ምን እንደሆነ ስለማውቀው ብዙ አላንዛዛም።

ግቢው ውስጥ የቆሙትን መኪኖች አያችኋቸው? ጣሪያው እንደ ቆርኪ የሚከፈት ዶልፊን ሚኒባስ አለ። ከኋላው በረንዳ የተቀጠለለት አሮጌ ሚኒባስ አለ። የፋሲልን ግንብ ጉልላት በላሜራ አሠርታ አናቷ ላይ የጫነች ሱዙኪም አለች! በያጆቻችን ለጉድ ነው የሠሩት። አንዳንድ ሰው ይስቅብናል፤ ይሳቅ። የሳቀ ሰው ይቆማል፣ የቆመ ሰው ደግሞ ሳንቡሳ ይገዛል። አሜሪካ ውስጥ አንድ የሥጋ ፋብሪካ በ1936 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሆትዶግ ቅርጽ የተሠራ መኪና ለማስታወቂያ አስፋልት ላይ አውጥቷል። እኛ ግንብ ብንጭን ምን ይገርማል?

ጣሪያው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ሁላችንም ጣሪያ የምናስቆርጠው ለወገባችን ብለን ነው። ዶልፊን የተሠራው ለሚቀመጥ ተሳፋሪ እንጂ ቆሞ ሽንኩርት ለሚያቁላላ ሰው አይደለም። ፈረንሳዮች በዚህ በኩል ተሳክቶላቸዋል። ሲትሮየን ከ1947 እስከ 1981 ያመረተው «ኤች» የሚባል ቫን ነበር። ሲያዩት ቆርቆሮ ቤት ይመስላል። የሚነዳው በፊት ጎማ ስለሆነ ከወለሉ ሥር ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ የለውም። ስለዚህ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ውስጡ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዛሬም አውሮፓ ውስጥ ለቡናና ለሳንድዊች መሸጫ ይፈለጋል። የኛ ዶልፊን ግን የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው። ወለሉን ማውረድ ስለማይቻል ወደ ላይ ወጣን።

ችግሩ ጎንደር ሜዳ አይደለችም። ዳገቱንና ቁልቁለቱን ታውቁታላችሁ። ጣሪያው ከፍ ባለ ቁጥር፣ ከላይ የሚሰቀለውም በበዛ ቁጥር መኪናው ኩርባ ላይ ያጋድላል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሲሞላ ውሃው ብቻ 200 ኪሎ ነው። ግማሽ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ፍሬን ስትይዙ ውሃው ወደ ፊት ይሮጣል። በርሜሉ ወለል ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ጠብቆ ይታሰር። ከኋላ በር አጠገብ ያደረጋችሁ ሰዎች ዳገት ላይ መሪው እንዴት እንደሚቀላችሁ አውርታችሁኛል። ጀነሬተሩም ከጣሪያ ይውረድ። የላሜራው ግንብ ይቆይ፣ እሱ ቀላል ነው።

መስኮቱስ? አብዛኞቻችን ሞዴል የምንመርጠው ስልክ ላይ ካየነው ፎቶ ነው። ጃፓንና እንግሊዝ መንገዱን በግራ ይዘው ነው የሚነዱት፤ የመሸጫ መስኮታቸውም በግራ ጎን ነው። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው። ፎቶውን እያሳየ እንዳለ ያሠራ ሰው ደንበኛውን አስፋልት ላይ ያቆመዋል፣ ባጃጁ ከኋላው እየበረረ። በያጁ «ተንሸራታቹ በር በቀኝ ስላለ መስኮቱን በግራ እንቁረጠው» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። የበሩን ቦታ ራሱን መሸጫ አድርጉት፣ እናንተ በኋላ በር ግቡ። ጎኑን የግድ የምትቆርጡ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን በቱቦላሬ አስይዙት። ያ ላሜራ ዝም ብሎ ሽፋን አይደለም፤ አካሉን ይዞት የቆመ ነው።

ጋዙን በተመለከተ ድርድር የለም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካፈሰሰ ወለል ላይ ይተኛል፣ ከላይ የከፈታችሁት መስኮት አያወጣውም። ሲሊንደሩ ከማብሰያው ተለይቶ በራሱ ሳጥን ይቀመጥ፤ ሳጥኑም ከታች በኩል ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀዳዳ ይኑረው።

የጾሙን ነገር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ደንበኛ ረቡዕና ዓርብ አንገቱን አስግጎ መጥበሻውን ያያል። አንዲት እህታችን ሁለት መስኮት ከፍታለች፤ አንዱ ለጾም፣ አንዱ ለፍስክ፣ መጥበሻውም ዘይቱም ለየብቻ። ከግንቡም ከበረንዳውም እኔ የወደድኩት የእሷን ነው።

ለጥምቀትም ከአሁኑ እናስብ። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ መውረድ ከጀመሩ በኋላ መኪና ማንቀሳቀስ አይታሰብም። የት እንደምንቆም ቀድመን ከሚመለከታቸው ጋር እንጨርስ፣ የታቦት መንገድ ላይም ማንም አይቁም።

ዛሬ የምንወስነው አንድ ጉዳይ አለ። ማንም አባል መኪናውን ከማስቆረጡ በፊት ንድፉን የሚያይለት ኮሚቴ እንዲኖር ሐሳብ ቀርቧል። ከተቆረጠና ከተቀባ በኋላማ ምን ይባላል? ቅርጹ ከሊብሬው ጋር ካልተስማማ ለቦሎ ስትሄዱ የሚመጣውንም ጣጣ ኮሚቴው አስቀድሞ ያያል። ጋራዥ ያላችሁ አባላት፣ እባካችሁ ስትጠቆሙ እምቢ እንዳትሉ።

ምሳ ግቢው ውስጥ ካሉት መኪኖች ነው፤ በክፍያ ነው፣ ማኅበሩ ገና ሀብታም አልሆነም። ገንዘብ ያዣችን ሪፖርታቸውን ይዘው ወደ መድረኩ ይምጡ። ጉባኤው ተከፍቷል።