ቁልፉ የጠፋው ስልክ

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? ከጀርባዬ የምትሰሙት ዝናብ ነው። የባሕር ዳር ክረምት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማይክ አይችለውም። ጋብ እስኪል ብዬ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፤ የሚጋብ አይመስልም። እንግዲህ አብረን እንሰማዋለን።

ዛሬ የማወራው ስለ ስልክ ነው። ስለ ሞባይል አይደለም። ድሮ ሳሎን ውስጥ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ቡፌ ላይ ይቀመጥ ስለነበረው ስልክ ነው።

የእኛ ቤቱ ጥቁር ነው። ጣት አስገብተው የሚያዞሩት ዓይነት። ከቁጥሮቹ ቀዳዳ በአንዱ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጓጉንቸር አለች። አባዬ ነው የቆለፋት። ምክንያቱ በከፊል ጎረቤት ነው፤ "አንዴ ብቻ ልደውል" ብሎ የሚገባ ሰው ብዙ ነበር። በከፊል ደግሞ እኔና እህቴ ነን። በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ሲመጣ ቤታችን ውስጥ ችሎት ይሰየም ነበር።

እኛ ግን መላ አናጣም። እጀታው የሚያርፍባትን መጫኛ በጣት ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው። 4 ለመደወል አራት ጊዜ፣ ዜሮ ከሆነ አሥር ጊዜ። ያስተማረኝ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ከየት እንደተማረው እግዜር ይወቅ። መደወያው ሲዞር የሚሠራው ሥራም ይኸው እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። መስመሩን በቁጥሩ ልክ ቆረጥ ቀጠል ያደርገዋል፤ ጥሪ የሚያገናኘው የቴሌ ማዞሪያ ቤት ያለው መሣሪያ ደግሞ ቁርጦቹን ይቆጥራል። ስለዚህ ጓጉንቸሯ መንኮራኩሩን እንጂ ስልኩን አልቆለፈችም። አባዬ ይህን ሳያውቅ አረፈ። ነፍስ ይማር።

ሞባይል ሲመጣ 058 ብሎ የሚጀምረው ቁጥራችን ተረሳ። መስመሩም ተቆረጠ። የጓጉንቸሯ ቁልፍም የት እንደገባ አይታወቅም። ስልኩ ግን ከነዳንቴሉ ቡፌው ላይ ቀረ። እማዬ በየሳምንቱ ትወለውለዋለች።

ይህን ስልክ መልሶ ያስጮኸልኝ ኮምፒውተር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ፔዳ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሲቪ፣ አቤቱታ፣ ያው የምታውቁት ነው። ስዘጋት ማሽኖቹን ሸጥኩ። አንዱን ግን የሚወስደው ጠፋ። ዴል፣ ኮር ቱ ዱዎ፣ 2 ጊጋ ራም። የመጨረሻው ገዢ አገላብጦ አየውና "ይሄ ለበር ማስደገፊያ ነው" አለኝ። በባጃጅ ጭኜ አመጣሁትና እኔ የምኖርበት ሰርቪስ ቤት አልጋ ሥር ከተትኩት። ሦስት ዓመት ተኛ።

ባለፈው ጥር አወጣሁት። ክዳኑን ስከፍት ምን ባይ ጥሩ ነው? ማታ ማታ ብርሃን እየተከተለች ከሐይቁ የምትመጣውን ጥቃቅን ዝንብ የባሕር ዳር ሰው ያውቃታል። ማራገቢያው ሥር ከአቧራ ጋር ተለውሳ፣ እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ተጋግራ አገኘኋት። በቀለም ብሩሽ ጠረግኩ። ሰካሁት፤ መጮህ እንጂ መነሳት የለም። ራሙን ነቅዬ ወርቃማውን ጠርዝ በላጲስ ፈገፈግኩት። ይህን ዘዴ የማያውቅ ጠጋኝ የለም። መልሼ ስሰካው ተነሳ።

ተነሳና ዘመኑ 2009 ነው አለኝ። ለአፍታ "በእኛ ነው በፈረንጅ?" ብዬ ቆምኩ። በፈረንጅ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ጠፍጣፋ ባትሪ ስትሞት ማሽኑ ወደ ልጅነቱ ይመለሳል። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ቀየርኳት። እሷን አትናቁ። እኔ ማሽኑን ያዘዝኩት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ራሱ እንዲነሳ ነው። ባትሪዋ ከሞተች ግን፣ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ትእዛዙንም አብሮ ይረሳዋል። በእኛ ከተማ መብራት በሳምንት ስንቴ እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ትልልቅ መሥሪያ ቤት ስትደውሉ "የውስጥ መስመር ስንት?" ይሏችኋል አይደል? ያንን የሚያገናኘው ማዞሪያ ድሮ በገንዘብ የማይቀመስ ዕቃ ነበር። 1999 ላይ፣ ይሄም በፈረንጅ ነው፣ አሜሪካ አላባማ ውስጥ ማርክ ስፔንሰር የሚባል ተማሪ ትንሽ ድርጅት ከፈተ። ለድርጅቱ ማዞሪያ መግዣ ብር አልነበረውም። ስለዚህ ሥራውን ተራ ኮምፒውተር እንዲሠራለት ራሱ ፕሮግራም ጻፈ። ስሙን አስተሪስክ አለው። ስልካችሁ ላይ ከዜሮ ጎን ያለችው ኮከብ ማለት ነው። ፕሮግራሙን በነፃ ለቀቀው፤ ዛሬም በነፃ ይወርዳል።

እኔ የጫንኩት ዴቢያን 12 ላይ ነው፤ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሥርዓት ነው። እዚያ አስተሪስክ ተዘጋጅቶ አይጠብቃችሁም፤ ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ኮድ አውርዶ ራስን ችሎ መገንባት ግድ ነው። በዚህ ማሽን ስንት ሰዓት እንደፈጀ ልንገራችሁ? እማዬ ቡና ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አቦል ቶና በረካ ጠጥተን፣ ስኒው ታጥቦ ነው ያለቀው።

የቀረው ጥቁሩን ስልክ ከኮምፒውተሩ ጋር ማስታረቅ ነበር። ለዚህ አዳፕተር አለ። የእጅ መዳፍ የምታክል ሳጥን ናት። በአንድ በኩል የኔትወርክ ገመድ ይገባል፣ በሌላ በኩል የስልክ ገመድ። አንድ ፔንሲዮን ዕቃውን ሲሸጥ ያገለገለች ገዛሁ። ሰካኋት። ደወልኩ። የውስጥ መስመር 102፣ ሳሎን።

ጮኸ! ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ነው የጮኸው፤ ትንሿ ሳጥን ለዚያ ከባድ ደወል አቅም ያንሳታል። ግን ጮኸ። እማዬ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። እጇ ላይ ሊጥ ነበር። ስልኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ አማተበች።

መጀመሪያ የሰጠኋት የማሚቶ መፈተሻውን ነው። የተናገራችሁትን መልሶ የሚያሰማችሁ ቁጥር ነው። እሱን አለመንገሬ ጥፋቴ ነው።

"ሃሎ" አለች።

"ሃሎ" አላት።

"ማን ልበል?"

"ማን ልበል?"

"ደፋር!" አለችና ዘጋችው። እሱም ከመዘጋቱ በፊት "ደፋር!" ብሏታል።

እስቲ ያቺ "ደፋር" ምን እንደሆነች አስቡት። አዳፕተሩ ድምፅዋን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ለካው። ልኬቱን በየሃያ ሚሊ ሰከንዱ እያሰረ፣ በሰከንድ 50 እሽግ አድርጎ በግቢው ገመድ ሰደደው። ሰርቪስ ቤት ያለው የበር ማስደገፊያ እያንዳንዱን ተቀብሎ መለሰላት። ይህ ሁሉ የሆነው ለስድብ ነው።

አሁን ስለ ጓጉንቸሯ። ቁልፉ ስለጠፋ እማዬ ማዞር አትችልም። ላስሰብረው አሰብኩ፤ "የአባትህን እጅ አትንካ" አለችኝ። ለካ አዳፕተሩ ላይ አንድ ቅንብር አለ፤ እጀታው እንደተነሳ አስቀድሞ የተሰጠውን ቁጥር በራሱ ይደውላል። 101ን ሰጠሁት። ያ የእኔ ክፍል ነው። ስለዚህ ስልኩ ዛሬም እንደተቆለፈ ነው። እማዬ እጀታውን ታነሳለች፣ እኔ ጋ ይጠራል።

ሕግ ነክ ነገር ለሚጠይቁኝ፣ ይህ ስልክ ከሕዝቡ የስልክ መስመር ጋር አልተገናኘም። ከግቢ ወደ ግቢ ነው። በአዋጅ ቁጥር 761/2004 ለሰው የስልክ አገልግሎት በኢንተርኔት ማቅረብ ቀልድ አልነበረም፤ እስር ያስቀጣ ነበር። "ለጎረቤት ውጭ አገር አስደውዬ ልሸጥ" የምትሉ ካላችሁ ይህን ዝግጅት እዚህ ላይ አቁሙት።

እኔ ይህን ሁሉ የለፋሁት እማዬ እንድታወራ ብዬ ነው። እማዬ በአካል ስትገኝ ወሬ አዋቂ ናት። አንድ ቀን ፋሲሎ ሄዳ ስትመለስ ያየችውን ለመስማት አንድ ከሰዓት አይበቃም። ስልክ ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። "ደህና ነህ? ደህና ነኝ። በል በል ካርድህ እንዳያልቅ።" ትዘጋለች። እድሜዋን ሙሉ የስልክ ወሬ ሲቆጠርባት ኖራለች። መጀመሪያ አባዬ ቆለፈባት፣ ቀጥሎ ካርድ መጣ። ሚስኮል ማለት እኮ ሳይቆጠርብህ መናገር ማለት ነው። አንዴ ካደረገች ደርሻለሁ፣ ሁለቴ ከሆነ ደውልልኝ።

"እማዬ፣ ይሄ ስልክ አይቆጥርም" አልኳት። "ቀኑን ሙሉ ብታወሪ አምስት ሳንቲም የለበትም።"

"መብራቱስ?"

ልክ ናት። ማሽኑ ዝም ብሎ ሲቀመጥ እንኳ ወደ 60 ዋት ይበላል፤ በቀን አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ገደማ ማለት ነው። ለሥራው ብቻ ቢሆን ራስበሪ ፓይ የሚሏት ባለ አንድ ሰሌዳ ትንሽ ኮምፒውተር ትበቃዋለች፤ ከዚህ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ብትበላ ነው። ገንዘብ ካላችሁ እሷን ግዙ። እኔ ያለኝ ይሄ ነው። "ስልኩ አይቆጥርም፤ ቆጣሪው ግን ይቆጥራል" ብላ ሄደች።

ቢሆንም ተለማመደችው። "ና ቡና።" "በሩን ማነው የሚመታው?" "ልብሱን ዝናብ ሳይመታው አግባ።" ኢንተርኔት በጠፋበት ጊዜም ይሠራል፤ የግቢው ወሬ ከግቢው አይወጣምና። ድሮ በመስኮት ትጣራኝ ነበር። አሁን በመስኮትም በስልክም ትጣራኛለች። ሁለቱ ድምፅ አንድ ላይ ይደርሰኛል።

ቀጥሎ እህቴን አስገባኋት። ጎንደር ናት፣ ቤቷ ዋይፋይ አለ። ሞባይሏ ላይ ሊንፎን የሚባል አፕ ጫነች፤ 104 ሆነች። የመጀመሪያው ቀን አላስደሰተንም። እሷ ትሰማኛለች፣ እኔ አልሰማትም። በዚህ ሥራ የገባ ሁሉ ያያት በሽታ ናት። የእኔ ማሽን አድራሻውን 192.168 ብሎ ይነግራታል። እሱ ደግሞ የቤት ውስጥ አድራሻ ነው፤ እሷም ቤት እንዲህ የሚጀምር አለ። "ሳሎን ካለው ወንበር" ብሎ ደብዳቤ እንደመጻፍ ነው፤ የማን ሳሎን? ሦስት ማታ ከታገልኩ በኋላ ዋየርጋርድ በሚባል፣ የተራራቁ መሣሪያዎችን እንደ አንድ ግቢ በሚያገናኝ ፕሮግራም መንገድ ዘረጋሁላቸው፤ ሞባይሏ እዚሁ ግቢ ውስጥ ያለ መሰለው። አለቀ።

አስተሪስክ የጥሪ መዝገብ ይይዛል። ማን ለማን፣ መቼ፣ ስንት ሰከንድ። አንድ ማታ ከፍቼ አነበብኩት። ከ102 ወደ 101፣ 9 ሰከንድ። 14 ሰከንድ። 7 ሰከንድ። 11 ሰከንድ። እማዬ ናት። ሆዴ ባባ። ይህን ሁሉ ሠርቼ 9 ሰከንድ!

ወደ ታች ስወርድ ግን አንድ መስመር ዓይኔን ያዘው። ከ104 ወደ 102፣ ዓርብ ጠዋት፣ 3,127 ሰከንድ። አሰላሁት፣ 52 ደቂቃ። እጀታው በደንብ ሳይቀመጥ ቀርቶ ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ቡና ላይ ጠየቅኳት። "ዓርብ ከእህትሽ ልጅ... ይቅርታ፣ ከልጅሽ ጋር ምን ስታወሩ ነበር?" አፌ ተያያዘብኝ፤ የሰረቅኩ ይመስል።

"ምን እናወራለን? ሽሮ እያሰናዳች ነበር። ቅመሙን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ከዚያ እሷም ሥራዋን፣ እኔም ሥራዬን።"

"ስልኩስ?"

"ቡፌው ላይ አስተኛሁት። ስትለቅም ትሰማኛለች፤ እኔም ልጆቿን ስትቆጣ እሰማታለሁ። መሐል ላይ አንዳንድ ነገር እንላለን።" ስኒዋን አስቀመጠች። "አይቆጥርም ብለኸኝ የለ?"

"አይቆጥርም እማዬ። ምንም አይቆጥርም።"

"እንግዲያ 52 ደቂቃ መሆኑን በምን አወቅህ?"

እኔ 52 ደቂቃ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም ብዬ ልከራከር ነበር። ለካ ከእህቴ ጋር ቀድሜ ስቄበት ኖሯል፤ ወሬው ጎንደር ደርሶ ተመልሶ ነው የጠበቀኝ።

ማታ ሰርቪስ ቤት ገባሁ። መዝገቡን የሚያዘው ፋይል ውስጥ "የስ" የምትል ቃል አለች። "ኖ" አደረግኳትና ማዞሪያውን አጥፍቼ አስነሳሁት። የነበረውንም መዝገብ ሰረዝኩት። ወዲያው 101 ጮኸ።

"ምን ነካው? ዝም አለ እኮ" አለች።

"እያስተካከልኩት ነው።"

"እህ፣ በል" አለች። አልዘጋችውም። የዝናቡን ድምፅ በሁለት በኩል ሰማሁት፤ በእኔ ቆርቆሮና በእሷ ቆርቆሮ። ከዚያ ሰሊጥ የምትወቅጥበት ሙቀጫ ጀመረ።