አብዮቱን ማን ጀመረው? ጥያቄውን ለማስረጃ እንስጠው

የተከበራችሁ የታሪክ መምህራን፣ ክቡራን እንግዶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የ1966ቱን አብዮት ስናስተምር አንድ ጥያቄ ሁሌ ይነሣል፦ «ቲቸር፣ ወታደሩ የሕዝቡን አብዮት ቀማው ወይስ ራሱ አመጣው?» አብዛኞቻችን «ሁለቱም አስተያየት አለ» ብለን ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እናልፋለን። ይህ፣ ሳንደባበቅ እንናገር፣ ሽሽት ነው።

«ተቀማ» የሚለው ተማሪ የካቲት 1966ን ይጥራ፦ በነዳጅ ዋጋ የተቆጡት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች፣ የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተባለውን የመንግሥት የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ የተቃወሙት መምህራን (እኛም አለንበት፤ ለራሳችን እንዳናዳላ)፣ የሠራተኛው አጠቃላይ አድማ፣ ከዚያም በሚያዝያ የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ። ደርግ የተቋቋመው ሰኔ 21 ቀን ነው፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ከወደቀ ከአራት ወር በኋላ። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር ተማርረው ያመፁት በጥር ነው፤ ታክሲው ከመቆሙ በፊት። «ወታደሩ መጨረሻ ላይ መጣ» የሚለው አባባል ነገሌን ካላስረዳ አይቆምም።

ደግሞ ሁሉ ነገር አስተያየት አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 1967 60 ያህል ሰዎች፣ ብዙዎቹ የቀድሞ ሹማምንት፣ ያለ ፍርድ መረሸናቸው አያከራክርም። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ መውጣቱም እንዲሁ። አዋጁ «መሬት ለአራሹ» ያለው የዚያ ዘመን ተማሪ ድል ነው ወይስ ደርግ ገጠሩን የያዘበት ዘዴ? እዚህ ይከራከሩ። የጭሰኛ የልጅ ልጅና የባለርስት የልጅ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ሊቀመጡ እንደሚችሉ ግን አንርሳ።

ከቸርችል ጎዳናው የትግላችን ሐውልት መስቀል አደባባይ እስካለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በእግር ይደረሳል። ሐውልቱን ደርግ በ10ኛ ዓመቱ አሠራው፤ ሙዚየሙ የተከፈተው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ2002 ነው። በሁለቱም ፊት ተማሪው «ማን አሠራው? ማንንስ ሳይጠቅስ አለፈ?» ብሎ ይጻፍ። ሙዚየሙ ውስጥ የሟቾች አፅምና ፎቶግራፍ ስላለ ግን ልጆቹን ወዲያው ወደ ክርክር አናጣድፋቸው፤ ዝም ብለው ይዩ። የሁለቱ የዘመኑ የግራ ፓርቲዎች፣ የኢሕአፓና የመኢሶን፣ ጠብ ለሌላ ክፍለ ጊዜ ይደር፤ በአንድ ቀን አይቻልም።

ፈተና ስናርም ደግሞ የልጁ ወገን ነጥብ አያስቀንስበት። የራሱን አቋም የሚፈትን ማስረጃ አንሥቶ ከመለሰለት ሙሉውን ይውሰድ፤ ነገሌን ዘሎ «ሕዝቡ ብቻ» ያለው፣ የታክሲውን አድማ ዘሎ «ወታደሩ ብቻ» ያለውም፣ እኩል ይቀነስባቸው።

አመሰግናለሁ።