ዋንጫው የማይቆጥረው የቤታችን ሥራ፦ ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበሩ ርእሰ መምህር፣ የተከበራችሁ የቤታችን ኃላፊ መምህራን፣ ውድ ወላጆች፣ እንዲሁም ዛሬ የኋላ ወንበሮችን ሞልታችሁ የተቀመጣችሁ የቤታችን ተማሪዎች፤

በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴውና በራሴ ስም እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ወደ ጉዳያችን ከመግባታችን አስቀድሞ በዚህ ዓመት በሞት የተለዩንን የቀድሞ የቤታችን ልጆች ከመቀመጫችን ተነሥተን በኅሊና ጸሎት እንድናስባቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ፤ መቀመጥ ይቻላል።

የዓመቱን የሥራ ክንውን ጸሐፊያችን፣ የሒሳቡን ሁኔታ ደግሞ ኦዲተራችን በየተራቸው ስለሚያቀርቡ ወደ ዝርዝሩ አልገባም። በትምህርት ቤታችን ቤቶች፣ ማለትም ከየክፍሉ የመጡ ተማሪዎች ተቀላቅለው በሚመደቡባቸው ቡድኖች፣ መካከል በሚደረገው ውድድር የሚሰጠውን ዋንጫ በተመለከተ ግን ከበር ጀምሮ የተከተለኝ ጥያቄ ስላለ አስቀድሜ ልመልሰው። ዋንጫው ዘንድሮ ወደ እኛ አልመጣም። በሩጫ መርተን፣ በመዝሙር ውድድር ለጥቂት ተቀድመን፣ በክርክር በመጀመሪያው ዙር ተሰናብተን በድምሩ ሦስተኛ ወጥተናል። ያሸነፈውን ቤት ከልብ እንኳን ደስ ያላችሁ እንላለን፤ ተከራካሪዎቻችንም ለሚመጣው ዓመት ከወዲሁ መዘጋጀት እንደጀመሩ ሰምቻለሁ።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ሌላ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በክፍል ደረጃ ከመደባቸው በኋላ እንደገና በቤት የሚመድባቸው ለምንድን ነው? ለስፖርት ቀን ቡድን ለመመሥረት ብቻ ከሆነ፣ ከዋዜማው ዕጣ ማውጣትና አራት ዓይነት ቀለም ያለው ከነቴራ ማደል ይበቃ ነበር። እኔ እንደማምነው የቤት ዋናው ጥቅም በክፍል ውስጥ ፈጽሞ የማይገናኙ ዕድሜዎችን አንድ ላይ ማኖሩ ነው። ክፍል እኩዮችን ይሰበስባል፤ በቤት ግን ገና ትምህርት ቤቱን ያልለመደ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅና ለመሰናበት ወራት የቀሩት ወጣት በአንድ ጣሪያ ሥር ይተዋወቃሉ፣ አንዱ የሌላውን ስም፣ ጠባይና ችግር ያውቃል። ሌላው ሁሉ፣ ዋንጫውም ጭምር፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ታሪኩም ቢሆን ከውድድር አይጀምርም። በእንግሊዝ አገር የዊንቸስተር ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1382፣ የኢተን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1440 ሲመሠረቱ፣ ሁለቱም በመሥራቾቻቸው ስጦታ የሚማሩ ተማሪዎችን በግቢያቸው ውስጥ እንዲያሳድሩ ታስበው ነበር። ከእነዚህ ሌላ ከፍለው የሚማሩ ልጆች እየበዙ ሲመጡ በግቢው ስላልበቃቸው በአካባቢው በሚገኙ ሰዎች ቤት ተከራይተው ማደር ጀመሩ። ዛሬ የምናውቀው የተማሪዎች ቤት የተወለደው ከዚሁ የማደሪያ ችግር ነው ማለት ይቻላል። ከ1828 እስከ 1842 የራግቢን ትምህርት ቤት የመራው ቶማስ አርኖልድ ደግሞ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለታናናሾቻቸው ሥነ ምግባር ተጠያቂ እንዲሆኑ ሥልጣን በመስጠቱ፣ ማደሪያ ብቻ የነበረው ቤት የማሳደጊያ ተግባርም ያዘ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1862 የተከፈተው የክሊፍተን ኮሌጅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ርእሰ መምህር ጆን ፐርሲቫል ከየቤታቸው እየተመላለሱ የሚማሩ ልጆች ከአዳሪዎቹ በታች ሆነው እንዳይታዩ በማሰብ ለእነርሱም የራሳቸውን ቤት አቋቋመላቸው። በዚያ ቤት ማንም አያድርም፤ አልጋም የለውም፤ ነገር ግን ኃላፊ፣ ከትልልቆቹ ተማሪዎች የሚመረጡ አለቆች፣ ስምና ክብር አለው። ይህ ትልቅ ግኝት ይመስለኛል። ልጅን የቤት አባል የሚያደርገው መኝታው ሳይሆን፣ ሲቀር የሚጠይቀው ሰው መኖሩ እንደሆነ በተግባር አሳይቷል። በየአገሩ ያሉ የተመላላሽ ትምህርት ቤቶች ሥርዓቱን ሊወስዱት የቻሉትም በዚህ ምክንያት ነው። በአዳሪ ትምህርት ቤቶችም ሥርዓቱ ከእንግሊዝ ውጭ ተስፋፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1906 በዩጋንዳ የተመሠረተው የቡዶ ትምህርት ቤትም ሆነ በ1935 በሕንድ የተከፈተው የዱን ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ በቤት የተደራጁ ናቸው።

ክቡራንና ክቡራት፤

ሥርዓቱን ሳመሰግን ጉድፉን ሸፍኜ ማለፍ አይገባኝም። በእነዚያው አንጋፋ የአዳሪ ትምህርት ቤቶች ትልልቆቹ ታናናሾቹን እንደ አሽከር ጫማ የሚያስጠርጉበት፣ ዳቦ የሚያስጠብሱበትና የሚልኩበት ልማድ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ ዘልቋል። አለቆቹ ታናናሾቻቸውን በዱላ የሚቀጡበት ቤትም ብዙ ነበር። በብሪታንያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የአካል ቅጣትን የከለከለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ በእንግሊዝና በዌልስ የግል ትምህርት ቤቶች ላይ እገዳው የተደነገገው ደግሞ በ1998 ነው። ታላቅ ታናሹን እንዲያሳድግ የተሰጠው ሥልጣን፣ አዋቂ ሰው በቅርብ ካልተከታተለው፣ ታናሹን ማስጨነቂያ ለመሆን ጊዜ አይፈጅበትም። የቤታችን ኃላፊዎች ዘንድሮ አለቆችን ሲመርጡ የታናናሾቹን አስተያየት በምስጢር መጠየቃቸውን፣ ማንኛውም አለቃ በራሱ ሥልጣን ቅጣት እንዳይሰጥ መከልከላቸውን እኔ እንደ ትልቅ ስኬት የምቆጥረው ለዚህ ነው። ሁለት የተከበሩ አባላት «አለቃ ካልቀጣ ምን አለቃነት አለው?» ብለው ጠይቀውኛል። መልሴ አጭር ነው፤ በምሽት ጥናት ሰዓት ማን ጠረጴዛ ዙሪያ ተማሪዎች እንደሚሰበሰቡ መጥተው ይመልከቱ።

ሁለተኛው ጉድፍ ፉክክሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኦክላሆማ ሃያ ሁለት ወንዶች ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍለው በአንድ የበጋ ካምፕ አኖሯቸው። ልጆቹ ዕድሜያቸው አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ዓመት አካባቢ ሲሆን አስቀድመው አይተዋወቁም ነበር። ሽልማት ያለው ውድድር በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ፣ አንዱ የሌላውን ማደሪያ ወረረ። አብረው እንዲበሉና ፊልም እንዲያዩ ማድረጉ ጠቡን አላበረደውም። ያበረደው አንዱ ቡድን ብቻውን ሊወጣው የማይችለው ችግር ሲገጥማቸው ነው፤ ውኃ ሲቋረጥባቸው አብረው ፈለጉ፣ ምግብ የሚያመጣው የጭነት መኪና አልነሣ ሲል ደግሞ ቀድሞ እርስ በርስ ገመድ በተጓተቱበት በዚያው ገመድ መኪናውን በአንድነት ጎተቱት።

ከዚህም የሚያስገርመው ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄንሪ ታጅፌል እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው በእንግሊዝ የብሪስቶል ከተማ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነው። የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች በማይረባ ምክንያት በሁለት ተከፍለው ለሌሎች ገንዘብ እንዲያከፋፍሉ ሲጠየቁ፣ የራሳቸውን ቡድን አዳሉ። ከዚያም አልፈው፣ ልዩነቱ የሚሰፋ ከሆነ ወገናቸው ያነሰ ገንዘብ ቢያገኝም የሚመርጡበት ሁኔታ ታየ። እንግዲህ ለአንድ ልጅ የቤት ቀለም ስንሰጠው የሚቀሰቀሰው ስሜት ቀላል አይደለም። ኮሚቴያችን ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር ያቀረበው ሐሳብም ከዚሁ የመነጨ ነው፤ በየመንፈቀ ዓመቱ ሁሉም ቤቶች ተቀላቅለው የሚሠሩት፣ ነጥብ የማይሰጥበት አንድ ትልቅ ሥራ ይኑር ብለናል። አስተዳደሩም ሐሳቡን በመልካም ተቀብሎታል።

ወደ ራሳችን ቤት ልመለስና አንድ ነገር ላሳያችሁ። በጥናት ክፍሉ በር ጀርባ የጽዳት ተራ የሚጻፍበት ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። ባለፈው ጉብኝታችን ወቅት ጠጋ ብዬ ሳየው በአንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ስም ላይ ስስ መስመር ተሠምሮ፣ ከጎኑ በእርሳስ የአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስም ተጽፏል። በቀጣዩ ሳምንት እንዲሁ፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። የቤቱን ኃላፊ ስጠይቃቸው የትንሹ ልጅ እናት ታምመው ኖሮ ልጁ ከትምህርት በኋላ ቶሎ ወደ ቤት መሄድ ነበረበት፤ ታላቁ ይህን ሰምቶ፣ ለማንም ሳይናገር ተራውን ወስዶለታል። መጥረጊያ ለያዘ ሰው ነጥብ የሚሰጥ ሰንጠረዥ የለም፤ እንዲኖርም አልጠይቅም፤ ነጥብ የተሰጠበት ቀን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛልና። ይሁን እንጂ የማኅበራችን ዓመታዊ መዝገብ እንዲህ ያለውን ሥራ ከሩጫው ውጤት እኩል እንዲጽፈው ለጸሐፊያችን አደራ ብያለሁ፤ የልጆቹ ስም ሳይጠቀስ።

የመዝሙር ውድድሩም ሳይጠቀስ አይታለፍ። ደንቡ የቤቱ አባል በሙሉ መድረክ ላይ እንዲወጣ ያዛል፤ ድምፁ የተመረጠም ያልተመረጠም። እንደ ሙዚቃ ከተመዘነ ይህ ደንብ ውጤታችንን እንደጎዳው አያጠራጥርም (ዳኞቹም በትሕትና ነግረውናል)። እንደ ቤት ግን ትምህርት ቤቱ ካወጣቸው ደንቦች ሁሉ እጅግ ብልኅ የሆነው እርሱ ነው። በሩጫ የሚሮጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ሌላው ያጨበጭባል። በመዝሙሩ ግን ማጨብጨብ የሌላው ቤት ሥራ ነው።

በመጨረሻም ጉባኤው ዛሬ እንዲወስንባቸው ስለምናቀርባቸው ጉዳዮች ጥቂት ልበል። አንደኛው የመረዳጃ ገንዘቡ ነው። እስካሁን የምንሰጠው በትምህርቱ ብልጫ ላሳየ ተማሪ ብቻ ነበር። ኮሚቴው መተዳደሪያ ደንቡ ተሻሽሎ፣ በወላጅ ችግር ምክንያት ከቤቱ ጉዞ ወይም ዝግጅት የሚቀር ልጅ ካለ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ወጪው በጸጥታ እንዲሸፈንለት ሐሳብ ያቀርባል። በዚህ ላይ ብርቱ ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ይነሣም። ሌላው የቀድሞ ተማሪዎች ምክር ነው። ወደ ቤቱ የምንጋብዛቸው ባለሙያዎች ሁልጊዜ የተሳካላቸው፣ ንግግራቸውም ስለ ስኬታቸው ብቻ ከሆነ፣ መካከለኛ ውጤት ያለው ልጅ እንግዳው ለእርሱ እንዳልመጣ ይሰማዋል። ስለዚህ በዕደ ጥበብ፣ በንግድ፣ በነርስነት፣ በሾፌርነትና በመሳሰለው ሙያ የተሠማራችሁ አባሎቻችን ስማችሁን በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ባለው መዝገብ እንድትጽፉልን እጠይቃለሁ። ከአንድ ንግግር ይልቅ ለአንድ ልጅ ዓመት ሙሉ በወር አንድ ቀን የሚደውልለት ሰው እንመርጣለን።

የቤታችን ኃላፊ መምህራን ማታ ማታ፣ ክፍያ በማይታሰብበት ሰዓት ለምታደርጉት ጥበቃ ማኅበሩ ከፍ ያለ ምስጋና ያቀርባል። ተማሪዎች፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ በሚኖረው ውይይት ላይ ድምፅ መስጠት ባትችሉም መናገር ትችላላችሁና እጃችሁን ከማውጣት አትቆጠቡ።

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ጸሐፊያችን ስላረጋገጡልኝ፣ የዘንድሮው ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ መከፈቱን በአክብሮት አስታውቃለሁ። አመሰግናለሁ።